የጡት ካንሰር ማገርሸትን ከሕክምና መዝገብ በማሽን ለርኒንግ መተንበይ፦ ኤዩሲው ከ0.9 በላይ መውጣቱ ለምን ያጠራጥራል?

ትዕግሥት_ዳታ ጠየቀች፦

ጤና ይስጥልኝ። የጡት ካንሰር ሕክምና የጨረሱ ሴቶች በሽታው በ5 ዓመት ውስጥ ያገረሽባቸው እንደሆነ ከሕክምና መዝገባቸው የሚተነብይ ሞዴል እየሠራን ነው። መረጃው ከሦስት ቦታ የመጣ ነው፦ ሐኪም በእጅ የጻፈው ካርድ ወደ ኤክሴል ተገልብጦ፣ የፓቶሎጂ ሪፖርት፣ እንዲሁም ከፋርማሲ ኮምፒዩተር የወጣ የመድኃኒት ዝርዝር። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለን።

እስካሁን ያደረግነው ይህ ነው። ሳያገረሽባቸው ክትትላቸው ከ5 ዓመት በፊት የቆመውን አወጣን። ከቀሩት ላገረሸባቸው 1፣ ላላገረሸባቸው 0 ሰጠን። 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ፣ 20 በመቶውን ለመፈተኛ ከፍለን ኤክስጂቡስት (ብዙ የውሳኔ ዛፎችን የሚያጣምር አልጎሪዝም) አስኬድን። ኤዩሲው (ሞዴሉ የሚያገረሽባትን ከማያገረሽባት የመለየት ችሎታው፤ 0.5 እንደ ግምት፣ 1 ፍጹም ነው) ከ0.9 በላይ ወጣ። የዕጢ መጠን፣ ደረጃና ዕድሜ ይዞ ይህን ያህል በትክክል መለየት ይቻላል ብዬ ማመን ግን ከበደኝ።

የምጠይቀው፦ በካርዱ ላይ «አገርሽቷል» የሚል ዓምድ የለም፤ ከምን ተነስተን እንወስን? ከክትትል የጠፉትን ምን እናድርጋቸው? የኢአር (የኤስትሮጅን ተቀባይ) እና የኸር-2 (በዕጢው ላይ የሚመረመር ፕሮቲን) ውጤት ለብዙዎቹ ባዶ ነው፤ እንዴት ይሞላል? ከኤክስጂቡስት የሚሻል አልጎሪዝም ካለስ?

ኦንኮሎጂ_ሐኪም መለሱ፦

ትዕግሥት፣ ማገርሸት የምትሉት ምን ምን እንደሆነ መጀመሪያ በጽሑፍ አስቀምጡ። ካርዱ ላይ አንድ ቃል ይመስላል እንጂ ውስጡ አራት የተለያየ ነገር አለ። በዚያው ጡት ወይም በደረት ግድግዳ ላይ የተመለሰ አለ። በብብት፣ ከአንገት አጥንት በላይ ወይም ከደረት አጥንት ጎን ባሉ ንፍፊቶች የታየ አለ። አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ላይ የወጣ አለ። አራተኛው በሌላኛው ጡት ላይ የበቀለ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ካንሰር እንጂ የቀድሞው ማገርሸት አይደለም። በ2007 ወጥቶ በ2021 የታደሰው ስቲፕ የሚባል የትርጓሜ ስምምነት እነዚህን ለይቶ ያስቀምጣል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ አንዱን ውሰዱ እንጂ የራሳችሁን አትፍጠሩ። ለመጀመሪያው ሞዴል የራቀ ስርጭትን ብቻ ብትይዙ እመርጣለሁ። በምስልና በናሙና ስለሚረጋገጥ መዝገብ ላይ የሚተወው ምልክት ግልጽ ነው፤ የታካሚዋን ዕድሜ በብዛት የሚወስነውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ስትመጣ ደረጃ 4 የነበረች ሴት ከጥናቱ መውጣት አለባት፤ ያልጠፋ በሽታ አያገረሽምና። ኤክሴል ላይ ደረጃው ባዶ ከሆነ እንዲህ ያሉት ሳይታወቅ ይገቡና በሁለተኛው ወር «አገረሸባቸው» ይባላሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ወራት የተመዘገቡትን ሁሉ በእጅ አንድ በአንድ እዩአቸው። አብዛኞቹ ቀድሞም የተሰራጨ ወይም በቀዶ ያልተጠራ በሽታ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

ማገርሸትን ከመድኃኒት ዝርዝር ለመገመት የምታስቡ ከሆነ በጣም ተጠንቀቁ። ድሮ አቤማሲክሊብ ወይም ራይቦሲክሊብ የታዘዘላት ሴት በሽታዋ ተሰራጭቷል ማለት ነበር። አቤማሲክሊብ ግን ከጥቅምት 2021 ጀምሮ፣ ራይቦሲክሊብም ከመስከረም 2024 ጀምሮ በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ማገርሸትን ለመከላከልም ተፈቅደዋል። ካፔሲታቢን በ2017 ከታተመው ክሪኤት-ኤክስ ሙከራ በኋላ፣ ከቀዶ በፊት ኬሞ ወስደው ዕጢ ለቀረባቸው ይሰጣል። ዞሌድሮኒክ አሲድ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ሲሰጥ የአጥንት ስርጭት ያመለክታል፤ በየ6 ወሩ ከሆነ ግን አጥንትን ለመጠበቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ስም ብቻ አይበቃም፤ መጠኑ፣ ድግግሞሹና ዓመተ ምሕረቱ አብሮ ይነበብ።

ስለ ኢአር፦ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ሕዋስ ከቀለመ ፖዘቲቭ የሚባለው ከ2010 መመሪያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት 10 በመቶን መነሻ ያደረገ ላቦራቶሪ ብዙ ነበር። በ2020 ደግሞ ከ1 እስከ 10 በመቶ ያለው «ዝቅተኛ ፖዘቲቭ» ተብሎ ለብቻው እንዲጻፍ ተወሰነ። ፓቶሎጂው በመቶኛ ጽፎት ከሆነ መቶኛውን ያዙት፤ «ፖዘቲቭ» ብላችሁ አታጥቡት። ኸር-2 ላይ 0 እና 1 ኔጋቲቭ፣ 3 ፖዘቲቭ ነው። 2 ግን ውሳኔ የለውም፣ ፊሽ የሚባለውን የጂን ምርመራ ይጠብቃል። ፊሽ ካልተሠራ «አይታወቅም» ተብሎ ይግባ። 2ን ኔጋቲቭ አድርጎ መመዝገብ በየቦታው የማየው ነገር ነው፤ ክፉ በሽታ ያላቸውን ሴቶች ደህና ከሆኑት ጋር ይደባልቃል።

ከቀዶ በፊት ኬሞ የወሰደችም ለብቻዋ ምልክት ያስፈልጋታል። 5 ሴንቲ ሜትር የነበረ ዕጢ ከኬሞ በኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ፓቶሎጂ ላይ ቢገኝ፣ ያ 1 ሴንቲ ሜትር ሳትታከም ቀዶ ከተደረገችው ሴት 1 ሴንቲ ሜትር ጋር አንድ አይደለም።

5 ዓመት ላይ ማቆማችሁን በተመለከተ፦ ሦስቱም (ኢአር፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይና ኸር-2) ለሌለው ካንሰር 5 ዓመት ይበቃል፤ አብዛኛው የሚያገረሸው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት አካባቢ ነው። ለኢአር ፖዘቲቭ ግን አይበቃም። በ2017 ከ88 ሙከራዎች 62,923 ሴቶችን አሰባስቦ የታተመው ትንተና፣ 5 ዓመት የሆርሞን ሕክምና ወስደው በዚያ ጊዜ ከበሽታ ነፃ የነበሩትን ተከትሏል። ከ5ኛው እስከ 20ኛው ዓመት የራቀ ስርጭት የታየባቸው፣ ዕጢያቸው እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ንፍፊታቸው ንጹሕ ከነበሩት 13 በመቶ፣ ዕጢያቸው ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከ4 እስከ 9 ንፍፊት ከተነካባቸው 41 በመቶ ነበር። ሞዴላችሁ «አደጋ የለባትም» የሚላት ሴት በ8ኛው ዓመት ልትመጣ እንደምትችል ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ባዮስታት መለሰ፦

ዶክተር ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ከ0.9 በላይ የወጣው ቁጥር ከየት እንደመጣ ልጠቁምሽ። ዜሮ ጊዜ አልወሰናችሁም። ዜሮ ጊዜ ማለት ሞዴሉ ትንቢቱን የሚናገርበት ቀን ነው፤ ለምሳሌ ከቀዶ በኋላ ፓቶሎጂው የወጣበት ቀን። ከዚያ ቀን በኋላ የተጻፈ ማንኛውም ነገር ወደ ሞዴሉ መግባት የለበትም። የእናንተ የፋርማሲ ዝርዝር ግን የታካሚዋን ሙሉ ታሪክ ይዟል። ካገረሸባት በኋላ የታዘዘላትን መድኃኒት ለሞዴሉ ሰጥታችሁ «አገርሽቶባት ይሆን?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ።

ይህ ሊኬጅ (መልሱ ወደ ሞዴሉ ግብዓት ሾልኮ መግባቱ) በግልጽ ብቻ አይመጣም። የጉብኝት ብዛት፣ ሲቲ ስካን የታዘዘበት ቁጥር፣ ሲኤ 15-3 የሚባለው የዕጢ ጠቋሚ በደም መለካቱ ራሱ (ውጤቱ ሳይሆን) ሐኪሙ ከጠረጠረ በኋላ የሚበዙ ነገሮች ናቸው። ከሁሉ የሚያሳስተው «ታሞክሲፌን (የሆርሞን ሕክምና መድኃኒት) 5 ዓመት ጨርሳለች» የሚለው ዓምድ ነው። 5 ዓመት የጨረሰች ሴት በነዚያ 5 ዓመታት በሕይወት የነበረችና ያላገረሸባት ናት፤ ዓምዱ መልሱን ደብቆ ይዟል። በሁለተኛው ዓመት ያገረሸባት ጨርሳ ልትገኝ አትችልም። የመድኃኒት ክትትልን ማስገባት ከፈለጋችሁ ላንድማርክ አድርጉ፦ ከቀዶ 12 ወር በኋላ በሕይወት ያሉና ያላገረሸባቸውን ብቻ ያዙ፣ በነዚያ 12 ወራት የወሰዱትን አስሉ፣ ትንቢቱንም ከ12ኛው ወር ጀምሩ።

ለማጣራት ቀላል ፈተና አለ። ዕጢውን፣ ደረጃውን፣ ንፍፊቱን ሁሉ አውጥታችሁ የጉብኝትና የትእዛዝ ቁጥሮችን ብቻ ለሞዴሉ ስጡት። ኤዩሲው አሁንም ከፍ ካለ፣ ሞዴላችሁ ባዮሎጂ እየተማረ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ክትትላቸው የቆመውን ማውጣታችሁ። እንበል 1000 ሴቶች አሉ፤ 100 በ5 ዓመት ውስጥ አገረሸባቸው፣ 500 ሳያገረሽባቸው 5 ዓመት ሞሉ፣ 400 በመካከል ቀሩ። 400ዎቹን ስታወጡ 100 ለ600፣ ማለትም 16.7 በመቶ ይሆናል። «አላገረሸባቸውም» ብላችሁ ብትቆጥሯቸው 10 በመቶ ይሆናል። አንዱ መንገድ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትታል። እነዚያ ሴቶች እስከታዩበት ቀን ድረስ ያላገረሸባቸው መሆናቸው እውነተኛ መረጃ ነውና የሰርቫይቫል ሞዴል (ክስተቱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚተነትን) ያንን ይጠቀምበት፦ ለእያንዳንዷ ሴት ከዜሮ ጊዜ የተቆጠረ ቀንና «አገረሸ፣ በሌላ ምክንያት ሞተች፣ ክትትሉ ቆመ» የሚል አንድ ምልክት። በሌላ ምክንያት የሞተችውን ክትትሏ እንደቆመ አድርጋችሁ ካፕላን-ማየር (የተለመደውን የሰርቫይቫል ኩርባ) ብትስሉ አደጋው ከእውነቱ በላይ ይታያል፤ በሌላ ምክንያት መሞትን ለብቻ የሚቆጥረውን አለን-ዮሃንሰን ተጠቀሙ። ለሞዴሉ ደግሞ ለየምክንያቱ የተለየ ኮክስ (የተለመደው የሰርቫይቫል ሪግሬሽን) ወይም የፋይንና ግሬይ ዘዴ አለ።

ከክትትል የጠፉት በአጋጣሚ የጠፉ እንዳይመስሏችሁ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥታ አቅሟ ያለቀባትና ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት፣ ደህና ሆና ቀጠሮ ከረሳችው ጋር አንድ አይደለችም። ሞዴሉ ግን ሁለቱንም እኩል «ቆመ» ይላቸዋል። ከተቻለ በስልክ ፈልጓቸው፤ ከምንም ስታቲስቲክስ ይልቅ ይህ ይረዳል። የማይገኙትን በተመለከተ የመኖሪያ ርቀት፣ ደረጃና የጉብኝት ታሪክ የገቡበት የሴንሰሪንግ ክብደት (ክትትል የመቆም ዕድልን የሚያካክስ) ሥሩ። ቀጥሎም «የጠፉት ሁሉ በ6 ወር ውስጥ ቢያገረሽባቸውስ?» ብላችሁ ደግማችሁ አስሉና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ አሳዩ።

የናሙና መጠን፦ «ለአንድ ተለዋዋጭ 10 ክስተት» የሚለው የቆየ ደንብ አይበቃም። ራይሊና ባልደረቦቹ ባወጡት ስሌት፣ የሚጠበቀው የኮክስና ስኔል አር-ስኩዌር (ሞዴሉ የሚያብራራው ልዩነት መለኪያ) 0.1 ሆኖ የሽሪንኬጅ (ከመጠን ያለፈ መገጣጠምን የመገደብ) ግብ 0.9 ከሆነ፣ ለ12 ፓራሜትር ቢያንስ 1019 ሴቶች፣ ለ30 ፓራሜትር 2548 ሴቶች ያስፈልጋሉ። ፓራሜትር እንጂ ዓምድ አትቁጠሩ፤ ሦስት እርከን ያለው ግሬድ (የዕጢው ሕዋስ ምን ያህል እንደተለወጠ) 2 ፓራሜትር ነው፣ በስፕላይን (በተጠማዘዘ መስመር) የገባ ዕድሜ 3 ወይም 4 ይሆናል። ይህ የኮክስ ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ኤክስጂቡስት ከዚህ እጅግ የበዛ ይፈልጋል።

ዳታ_ኢንጂነር መለሰ፦

ከካርድ የተገለበጠ ኤክሴል ስላላችሁ የቀን ነገር ላይ ልቆይ፤ በአገራችን መረጃ ላይ ትልቁ አደጋ እዚያ ነው። ካርዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ ሲቲ ስካኑና የላቦራቶሪ ማሽኑ በፈረንጅ ያትማሉ። ቀዶው «5/1/2008» ተብሎ ቢጻፍ መስከረም 5 ቀን 2008 ነው፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2015። ስርጭቱን ያሳየው ስካን «10/05/2017» ቢል ሜይ 10 ቀን 2017 ነው። ሁለቱን ሳትቀይሩ ብትቀንሱ ከ9 ዓመት በላይ ይወጣል፤ እውነቱ ወደ 20 ወር ነው። ስህተቱ ኔጋቲቭ ቁጥር ስለማይሰጥ ማንም አያየውም፤ ቶሎ ያገረሸባት ሴት ዘግይቶ ያገረሸባት ሆና ትገባለች። በተቃራኒው ሲሆን (ቀዶው በፈረንጅ፣ ማገርሸቱ በእኛ) ብዙ ጊዜ ኔጋቲቭ ስለሚወጣ ያስነቃል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የቀን ዓምድ አጠገብ «ምንጭ» እና «አቆጣጠር» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨምሩ፤ ለውጡም በስሌት ይሁን። 7 ወይም 8 ዓመት መደመር ብቻ አያዋጣም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ጃንዋሪ 1 እስኪገባ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው፤ በዚያ ላይ አዲስ ዓመት አንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዴ 12 ይውላል። ፓይተን ላይ ጥሬውን ቀን በቀጥታ ካነበባችሁት ደግሞ ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች ትወድቃለች፤ ጥቅምት 30 ደግሞ «30/2» ሆና ፌብሩዋሪ 30 የለም ተብላ ባዶ ትሆናለች። ፓንዳስ ስህተትን ወደ ባዶ እንዲቀይር ካዘዛችሁት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያጠፋቸዋል። ካነበባችሁ በኋላ ባዶ የሆኑትን በወር ቁጠሩ፤ ጥቅምትና ጳጉሜን ላይ ከተከማቹ ምክንያቱ ይህ ነው።

ስሞችን ለማገናኘት ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ መልሱ። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻ ዓምድ ይሁኑ። አንዲት ሴት አዲስ ካርድ ስታወጣ ሁለተኛ ቁጥር ይሰጣታል፤ ያንን ሳታገናኙ በዘፈቀደ 80 እና 20 ከከፈላችሁ አንዷ ሴት በሁለቱም ወገን ትገኛለች። ዕድሜም በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ይከማቻል፤ «40» እና «45» በግምት የተጻፉ ናቸውና በአንድ ዓመት ልዩነት ላይ የሚከፍል ዛፍ የሚማረው ከእውነተኛ ዕድሜ አይደለም።

ማገርሸትን ከሐኪም ማስታወሻ ለማውጣት ቃል ብቻ አትፈልጉ። ‹ሪከረንስ› የሚለው ቃል ከሚታይባቸው መስመሮች ብዙዎቹ «ምልክት የለም»፣ «ለማጣራት»፣ «ታካሚዋ እንዳያገረሽባት ትፈራለች» የሚሉ ናቸው። አፍራሽ ቃልን፣ ጥርጣሬንና የቤተሰብ ታሪክን የሚለይ ደንብ ጨምሩ፤ በ2001 የወጣው ኔጌክስ የሚባለው ዘዴ ዛሬም ጥሩ መነሻ ነው። ደንቡ ያወጣውን ሰው ያረጋግጥ። ደንቡ «አለ» ያላቸውን ብቻ ሳይሆን «የለም» ካላቸውም በዘፈቀደ ቆንጥራችሁ አንብቡ፤ አለበለዚያ ያመለጠውን አታውቁም። ስሌቱን ተመልከቱ፦ ከ1000 ሴቶች 200 በእርግጥ አገርሽቶባቸው ቢሆን፣ ደንቡ 80 በመቶውን ቢይዝና ካላገረሸባቸው 95 በመቶውን በትክክል ቢያልፍ፣ 160 እውነተኛና 40 ሐሰተኛ ይሰጣችኋል፤ 40 ደግሞ ያመልጣሉ። «አገረሸ» ከተባሉት ከአምስቱ አንዷ ሐሰት ናት። እንዲህ ባለ መለያ ላይ የሠለጠነ ሞዴል ምንም ያህል ቢራቀቅ የመለያውን ስህተት ይማራል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ከካርዶቹ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ያንብቡ፣ ካፓ (የሁለቱ የመስማማት ልክ) ይሰላ፣ ያልተስማሙበትን ሐኪም ይፍረድ።

ትዕግሥት_ዳታ፦

ዶክተር፣ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፋርማሲውን ዓምዶች ከቀዶው ቀን በፊት ባለው ስንገድበው ኤዩሲው በአንድ ጊዜ ወደ 0.7 ወረደ፤ ሊኬጁ እዚያ ነበር። ሦስት ነገር ቀረኝ። የራሳችንን ካርድ አጽድተን እስክንጨርስ ዘዴውን የምንለማመድበት ክፍት መረጃ አለ? ያገረሸባቸው ጥቂት ስለሆኑ ስሞት (የጥቂቶቹን ወገን በሰው ሠራሽ ምሳሌ የሚያበዛ ዘዴ) ተጠቅመን እናመጣጥን የሚል ሐሳብ በቡድናችን አለ፤ ምን ትላላችሁ? ባዶውን ኢአርስ?

ባዮስታት መለሰ፦

0.7 እውነተኛ ቁጥር ይመስላል። በዚህ መረጃ ላይ 0.7 ያለው ሐቀኛ ሞዴል ብዙ ይሠራል፤ አትዘኚ።

ለልምምድ የሮተርዳምና የጀርመን መረጃዎችን ውሰዱ፤ ሁለቱም አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ በሰርቫይቫል ጥቅል ውስጥ ተቀምጠዋል። ሮተርዳም 2982 የጡት ካንሰር ታካሚዎች አሉት፤ የማገርሸት ቀንና የሞት ቀን ለየብቻ ተመዝግቧል። ጀርመኑ 686 ሴቶች አሉት፣ ሁሉም ንፍፊታቸው የተነካ ነው። ሮይስተንና አልትማን በ2013 ያደረጉትን ደግማችሁ ሥሩ፦ ከሮተርዳም ንፍፊታቸው የተነካውን 1546 ይዛችሁ አሠልጥኑ፣ በጀርመኑ ላይ ፈትኑ። ጥቅሙ መረጃው ከነጉድለቱ መቀመጡ ነው። ሮተርዳም ውስጥ ሳያገረሽባቸው የሞቱ ሆነው የሞታቸው ቀን የማገርሸት ክትትላቸው ከቆመበት ቀን የሚዘገይ 43 ሰዎች አሉ። ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሞት ቀን ብቻ ሲታደስ እንዲህ ይሆናል። ለ43ቱ ምን እንደምታደርጉ ከወሰናችሁ ለራሳችሁ ካርድም ተዘጋጃችሁ ማለት ነው። ግሬድ ሮተርዳም ላይ 2 እና 3 ብቻ ነው፣ ጀርመኑ 1ም አለው። ኢአር በፌምቶሞል የተለካ እንጂ በመቶኛ ሕዋስ አይደለም፣ ኸር-2 የለም። ስለዚህ ዘዴ ይማሩበታል እንጂ ከዚያ የወጣ ሞዴል ዛሬ ክሊኒክ አይገባም። የሉብሊያናው የ286 ታካሚዎች መረጃ በየመማሪያው ይገኛል፤ ጊዜ የሚባል ነገር ስለሌለው ለእናንተ ጥያቄ አይሆንም።

ስሞትን ተዉት። እንበል ከ100 ሴቶች በ15ቱ ያገረሻል፤ ይህን በሰው ሠራሽ መንገድ ግማሽ በግማሽ ስታደርጉ ኦድሱ (የሚያገረሽባቸው ለማያገረሽባቸው ያለው ንጽጽር) በ5.67 ይባዛል። እውነተኛ አደጋዋ 10 በመቶ የሆነች ሴት 39 በመቶ አካባቢ ይነገራታል። ማን ከማን ይበልጣል የሚለው ደረጃ ብዙም አይሻሻልም፣ ቁጥሩ ግን ይበላሻል። ሴትየዋ የምትሰማው ደግሞ ቁጥሩን ነው።

ኢአርን በተመለከተ፣ የፓራፊን ብሎኩ ተቀምጦ ካለ እንደገና ማስመርመር ከማንኛውም አሞላል ይበልጣል፤ ብሎክ ከዓመታት በኋላም ይመረመራል። የማይቻል ከሆነ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ የመሙላት ዘዴን ተጠቀሙ። የአሞላሉ ብዛት በባዶው መቶኛ ልክ ይሁን፤ 40 በመቶ ባዶ ከሆነ 40 ያህል ቅጂ። በአሞላሉ ሞዴል ውስጥ የማገርሸት ምልክቱና የኔልሰን-አለን ድምር ሐዛርድ (እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው አደጋ) ይግቡ፤ እነሱን ካስቀራችሁ የኢአር ዝምድና ወደ ዜሮ ይሳባል። አሞላሉ በእያንዳንዱ የቡትስትራፕ (ከራሱ መረጃ በዘፈቀደ ደጋግሞ ናሙና የመውሰድ) ዙር ውስጥ ይደገም እንጂ ቀድሞ አንዴ ተሠርቶ አይቀመጥ። ዛፍ ሞዴሎች ባዶን ራሳቸው ያስተናግዳሉ የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ኢአር ያልተሠራላት ሴት ክፍያ ያልቻለች ከሆነች ሞዴሉ ድህነትን እንደ ባዮሎጂ ይማራል።

አልጎሪዝም ስትመርጡ ከሚዛን ጀምሩ። መጀመሪያ የበሽታውን ዕጣ በቀላል ስሌት የሚገምተው የኖቲንግሃም ኢንዴክስ፦ 0.2 በዕጢ ሴንቲ ሜትር ተባዝቶ፣ የንፍፊት ደረጃና ግሬድ ይደመርበታል። 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ንፍፊት የተነካ (የንፍፊት ደረጃ 2)፣ ግሬድ 3 ከሆነ 0.5 ሲደመር 2 ሲደመር 3፣ ማለትም 5.5፤ ከ5.4 በላይ ስለሆነ ከክፉው ምድብ ናት። ቀጥሎ ስፕላይን ያለው ኮክስ ከሪጅ ቅጣት ጋር። ከዚያ በኋላ ብቻ ራንደም ሰርቫይቫል ፎረስት፣ ከ500 እስከ 1000 ዛፍ፣ በአንድ ቅጠል ቢያንስ 15 ሰው ይዞ። ኤክስጂቡስት በኮክስ ዓላማ ካስኬዳችሁት የሚሰጣችሁ አንጻራዊ ደረጃ ብቻ ነው፤ የ5 ዓመት አደጋ ለማውጣት መነሻ ሐዛርዱን ራሳችሁ መገመት አለባችሁ። ኮክሱን በግልጽ ካልበለጠ ኮክሱን ያዙ፤ ሐኪም ወረቀት ላይ ሊያየው ይችላልና።

በአንድ 80 እና 20 ክፍፍል አትመኑ። በሙሉው መረጃ አሠልጥናችሁ ከ200 እስከ 500 ቡትስትራፕ አድርጉና የበዛውን ግምት ቀንሱ። የቅርብ ዓመቶቹን ታካሚዎች ለብቻ አስቀምጣችሁ በጊዜ ፈትኑ። ከሲ-ኢንዴክስ (እንደ ኤዩሲ ያለ የመለየት ልክ) ጋር የካሊብሬሽን ኩርባ በ5 ዓመት ላይ ይቅረብ፦ 20 በመቶ ካላቸው ሴቶች በእርግጥ 20 በመቶው አገርሽቶባቸዋል? አቀራረቡን የትንበያ ሞዴል ሪፖርት ማድረጊያ በሆነው በትራይፖድ-ኤአይ የ2024 ዝርዝር መሠረት ጻፉት።

ዳታ_ኢንጂነር፦

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር። መረጃው ከሆስፒታሉ ሲወጣ ስም፣ ስልክና ካርድ ቁጥር ማጥፋት አይበቃም፤ የቀዶ ቀንና ወረዳ ተደምረው አንዲትን ሴት ሊያሳውቁ ይችላሉ። ለእያንዳንዷ ታካሚ አንድ የዘፈቀደ የቀን ቁጥር ውሰዱና የእሷን ቀኖች ሁሉ በዚያው መጠን አንሸራቱ፤ ልዩነቶቹ ይጠበቃሉ። ይህ የሚሠራው ሁሉም ቀን ወደ አንድ አቆጣጠር ከተቀየረ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስህተቱ ለዘላለም ይቆለፋል። በጊዜ ለመፈተን የሚያስፈልገውን የቀዶ ዓመት ብቻ ለየብቻ አስቀሩ። የማገናኛ ቁልፉ ሆስፒታሉ ውስጥ ይቅር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባልና ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ጋር አዋጁንም አንብቡ።

ኦንኮሎጂ_ሐኪም፦

ትዕግሥት፣ ሞዴሉ አንዲትን ሴት «ከፍተኛ አደጋ» ሲላት ክሊኒኩ ምን እንደሚያደርግ ከአሁኑ ተነጋገሩ። መጀመሪያ የሚታሰበው ስካን ማብዛት ነው። ያ አይረዳትም፤ በ1994 የታተሙ ሁለት የጣሊያን ሙከራዎች ምልክት በሌላቸው ሴቶች ላይ የተጠናከረ የምስል ክትትል ዕድሜ እንዳላራዘመ አሳይተዋል። የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር መመሪያም ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ በ4ኛውና 5ኛው ዓመት በየ6 እስከ 12 ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ በሐኪም መታየትና በየዓመቱ ማሞግራም ይላል እንጂ መደበኛ ስካንም ሆነ የዕጢ ጠቋሚ ደም ምርመራ አያዝም።

እኔ የምጠቀምበት ቦታ ሌላ ነው፦ ከቀጠሮ የቀሩትንና ታሞክሲፌን መውሰድ ያቆሙትን ማን ቀድሞ ይደውልላቸው የሚለው። ነርሷ በሳምንት ልትደውልላቸው የምትችለው ሴት ቁጥር የታወቀ ነው፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ ማን ይቀመጥ የሚለውን ሞዴሉ ይርዳት። መነሻውን 20 በመቶ ብትይዙ፣ አንዲት የሚያገረሽባትን ለማግኘት 4 የማያገረሽባቸውን መደወል ይገባል ማለታችሁ ነው። ከ1000 ሴቶች 300ውን መርጦ ከነዚያ 90ዎቹ በእርግጥ የሚያገረሽባቸው ከሆኑ፣ ጥቅሙ 0.09 ሲቀነስ 0.21 በ0.25 (በ1 ለ4) ተባዝቶ፣ ማለትም 0.0375 ነው። ከነዚያው 1000 ሴቶች በጠቅላላው 150ዎቹ የሚያገረሽባቸው ከሆኑና ለሁሉም ብትደውሉ በዚሁ ስሌት ከዜሮ በታች፣ 0.0625 ኔጋቲቭ ይወጣል። ይህን ስሌት ለ10፣ ለ15፣ ለ20 እና ለ30 በመቶ መነሻ ሠርታችሁ ለክሊኒኩ ነርሶች አሳዩአቸው፤ መነሻውን እነሱ ይምረጡ።